ላጲሱ በኪሴ ነበር

ይህ ነገር የደረሰው ደርግ ሊወድቅ ሦስት ወይም አራት ዓመት ሲቀረው ነው፤ ቦታው ኮምቦልቻ። የደረሰው በእኔ ላይ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር። የደረሰው በጓደኛዬ ላይ ነው፤ ያደረስኩት ደግሞ እኔ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ጥፋቱ ብቻ አይደለም። በዚያው ጉዳይ ሰው ሲያመሰግነኝና ሲመርቀኝ መኖሩ ነው።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ቤቴ ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ፤ በአንድ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ቢሮ የንብረት ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ማታ ሽቅብ እመለሳለሁ። ከደሴ ለብሼው የወጣሁትን ጃኬት ኮምቦልቻ ስደርስ በእጄ አንጠልጥዬው ነው ቢሮ የምገባው።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ይመር ይባሉ ነበር። ቁጥር ያልተጻፈበት ዕቃ ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ የውሃ ጀሪካኑ፣ መሰላሉ ሳይቀር የንብረት ቁጥር አለው። አንድ ጊዜ ዘበኛው የራሱን ከዘራ ጥግ አቁሞ ረስቶት ቢሄድ ቁጥር አስጻፉበት። ሰውዬው ጡረታ ሲወጣ የገዛ ከዘራውን ይዞ ከግቢ ለመውጣት ደብዳቤ አስፈልጎታል።

ቁጥሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሰኞ ገበያ የሱቅ ማስታወቂያ ጻፊ ነበር፤ ብሩሽ አያያዝ የተማርኩት ከእሱ ነው። ጽፎ ሲጨርስ በላዩ ላይ ቫርኒሽ ይቀባል። “ቫርኒሽ ያልጠጣ ጽሑፍ ለዝናብ የተጻፈ ነው” ይል ነበር። እኔም የንብረት ቁጥር ከጻፍኩ በኋላ ቫርኒሽ ሳላሳልፍበት አልተውም። ሌላው መሥሪያ ቤት ቁጥሩ በስድስት ወር ይፋቃል፣ የእኛ አይፋቅም። በዚህ እኮራ ነበር፤ ወጣት ሰው የሚኮራበት ነገር አያጣም።

ጓደኛዬ ኤልያስ ነበር። አዲስ አበባ ጥቂት ወራት ሠልጥኖ የመጣ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነው፤ የቢሮውን አንድ ለእናቱ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረም። ማሽኑ ፕሮጀክቱን የሚደግፉት የውጭ ረጂዎች ሲገለገሉበት ቆይተው የላኩልን አሮጌ ነው። አሮጌም ቢሆን አቧራ ያበላሸዋል ተብሎ ክፍሉ የሚገባው ጫማ ወልቆ ነበር። በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ ያየ ሰው መስጊድ የደረሰ ሊመስለው ይችላል።

ኤልያስ ጴንጤ ነበር። ያኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጸሎት ቤቶቻቸው ተዘግተው በየሰው ሳሎን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚዘምሩት። መሥሪያ ቤቱ ይህን ያውቃል፤ ግን የሚተካው ሰው ስላልነበረ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። የሚኖረው ከእናቱ ከእማማ ዘነቡ ጋር ነው። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። እኔም ብዙ ቀን ምሳዬን የምበላው እነሱ ቤት ነበር፤ እኔ በምመጣበት ቀን እማማ ዘነቡ ሥጋ አይሠሩም። ሽሮ ወይም ምስር ያቀርቡና “ለሰይድም የሚሆን ነው” ይላሉ።

የኮምፒውተሩ ዋና ሥራ ምርጥ ዘር የሚታደላቸውን ገበሬዎች ስም በየገበሬ ማኅበሩ ለይቶ በተራ መደርደር ነው። ከኩታበር እስከ ቦሩ ሜዳ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ሰይድ አሊ፣ አሊ ሰይድ፣ ይማም ሙሐመድ፣ ሙሐመድ ይማም ነው። ማሽኑ ይህን ሁሉ ስም እስኪለይ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ኤልያስ ለረጂዎቹ ደብዳቤ አስጻፈ፤ እነሱም አዲስ ማሽን ባይሆንላቸውም ሁለተኛ የፕሮሰሰር ቦርድ እንልካለን አሉ። ማሽኑ ሆድ ውስጥ ባለው ትርፍ መሰኪያ ላይ የምትሰካ፣ ከደብተር ያነሰች ነገር ናት።

እኔ አልገባኝ ሲል ኤልያስ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። አንድ ጸሐፊ ሥራ ሲበዛበት አጠገቡ ሁለተኛ ጸሐፊ እንደማስቀመጥ ነው፤ የቀድሞው ማሳየቱንና ማተሙን ይይዛል፣ አዲሱ ማሰቡን ይይዛል። ግማሽ ቀን የሚወስደው በሩብ ሰዓት ያልቃል። ይህን ሲናገር ዓይኑ ያበራ ነበር።

ቦርዷ መጣች። ኤልያስ ዛሬውኑ ልሞክራት አለ፤ ሥራ አስኪያጁ ከለከሉት። ከደሴ አንድ የፓርቲ ኃላፊ ስለተጋበዙ እሳቸው ባሉበት ተከፍታ ትመረቃለች ተባለ። ሳይሞከር ምን ምረቃ አለ ብሎ ተከራከረ፤ የሰማው የለም። እስከ ምረቃው ቀን እኛ መጋዘን እንድትቆይ በሞዴል 19 ገቢ አደረግናት።

ያን ቀን ኤልያስ ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ አንድ ነገር ለመነኝ። “ሰይዴ፣ ይቺን እንኳ ማርልኝ። ቁጥሯን ወረቀት ላይ ጻፍና በክር አንጠልጥልባት” አለኝ። እሺ አልኩት፤ እሺ ያልኩትም ከልቤ ነበር። ወረቀቱን ቆርጬ፣ ቁጥሩን ጽፌ፣ በክር አሰርኩ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ይመር መጋዘን ገብተው ወረቀቷን አዩ። ወረቀት ይቀደዳል፣ ክር ይበጠሳል አሉ፤ የፓርቲው ኃላፊ መጥተው የንብረት ቁጥሩ የታለ ቢሉኝ አንተን ላሳያቸው ወይ ብለውም ጠየቁኝ። እንቢ ማለት ይቻል ነበር። ኤልያስን ጠርቼ ከእሳቸው ጋር ማነጋገርም ይቻል ነበር። እኔ ግን ብሩሼን አነሳሁ። እውነቱን ልናገርና፣ እጄም ቋምጦ ነበር።

ቦርዷን ከብርማ ከረጢቷ አወጣኋት። ፊቷ በሙሉ በጥቃቅን ዕቃ የተሞላ ነው፤ ብሩሽ የሚያሳርፍ ቦታ የለም። ጠርዟ ላይ ብቻ፣ ማሽኑ መሰኪያ ውስጥ የሚገቡት ወርቅማ ጥርሶቿ ከተደረደሩበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ባዶ ቦታ ነበራት። በቀጭኑ ብሩሽ ቁጥሩን እዚያ ላይ በነጭ ቀለም ጻፍኩ። ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ፊደል ነው፤ እንደዚያ አሳምሬ የጻፍኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከዚያ እንደ ልማዴ ቫርኒሹን አሳለፍኩ። ቫርኒሹ ወደ ጥርሶቹ ወረደ። አየሁት። እንዲያውም ዝገት እንዳይነካቸው ብዬ ጥርሶቹን ራሳቸውን ደህና አድርጌ ደረብኩላቸው። ሁለት ቀን መስኮት አጠገብ አድርቄ ወደ ከረጢቷ መለስኳት። ወርቁ ላይ ቫርኒሽ ደርቆ ሲያዩት የበለጠ ያብረቀርቃል እንጂ ምንም አይታይም።

የምረቃው ቀን ወንበር ተደረደረ፣ ለስላሳ ቀረበ። የፓርቲው ኃላፊ የኮምፒውተሩ ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ጫማ ይወልቃል ተባሉ። ቅር እያላቸው አወለቁ። የቀኝ ካልሲያቸው አውራ ጣት ላይ ተቀዶ ነበር። ማንም አልሳቀም፤ ግን ሁላችንም አየን፣ እሳቸውም እንዳየን አወቁ። ከዚያ በኋላ ፊታቸው አልተፈታም።

ኤልያስ የማሽኑን ክዳን ፈታ። ቦርዷን ሲያወጣ ቁጥሩን አይቶ ወደ እኔ ዞረና ራሱን እየነቀነቀ ፈገግ አለ፤ አንተ መቼም አትታረምም የሚል ፈገግታ ነው። ሰክቶ አበራው። ማሽኑ አልተነሳም። የማሽኑ መስተዋት ላይ አንዲት ትንሽ መስመር ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። አጥፍቶ እንደገና ሰካት፤ ያው ነው። ሦስተኛም ሞከረ። ቦርዷን አውጥቶ ሲያበራው ማሽኑ እንደ ቀድሞው ደህና ተነሳ። ስለዚህ ችግሩ ቦርዷ ጋ እንደሆነ ሁሉም ሰው ገባው።

ኃላፊው ሩብ ሰዓት የተባለው ይህ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ኤልያስ አልተደናገጠም። ጥርሶቿን ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ አያቸውና፣ “ጥርሷ ሳይነካ ቀርቶ ይሆናል። ላጲስ ያለው ሰው አለ? በላጲስ ጠረግ ጠረግ ላድርጋት፤ ግማሽ ሰዓት ብቻ ስጡኝ” አለ።

ኃላፊው ከባሕር ማዶ የመጣ መሣሪያ በተማሪ ላጲስ ነው የሚጠገነው፣ ታላግጣለህ ወይ አሉት።

ላጲሱ በደረት ኪሴ ነበር። የንብረት ጸሐፊ ያለ ላጲስ አይውልም። ኤልያስ “ጥርሷ” ሲል ያ የቀባሁት ቫርኒሽ ዓይኔ ላይ መጣ፤ ወርቁ መሰኪያውን እንዳይነካ የከለለው እሱ እንደሆነ በአንድ ጊዜ ገባኝ። እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ላጲሱን ነካ። በዚያው ቅጽበት ኃላፊው ዕቃው ከመጣ ጀምሮ ማን ነካው ብለው ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ይመርን አዩ፣ ጋሽ ይመር እኔን አዩ።

“ጓድ፣ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ መጋዘን ተቆልፎበት ነው የቆየው። ዛሬ ጠዋት በሞዴል 22 ለኤልያስ ወጪ ሆኗል” አልኩ።

ሐሰት የለበትም። ሁለቱም ወረቀት በእጄ ነበር። እጄንም ከኪሴ አወጣሁ፤ ባዶውን።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። አንዱ ከውጭ ሰዎች ጋር የሚጻጻፈው እሱ ነው አለ። ሌላው ሃይማኖቱን አነሳ። “አሻጥር” የሚለው ቃል ከማን አፍ እንደወጣ አላስታውስም፤ ከወጣ በኋላ ግን መልሶ የሚውጠው ሰው አልነበረም። ቦርዷ ለማስረጃ ፖስታ ውስጥ ገብታ በሰም ታሸገች። ያሸግኳት እኔ ነኝ፤ ማሸግ ሥራዬ ነው። ኤልያስ በሩ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ቀስ ብሎ አሰረ። ወደ ኃላፊው መኪና ሲወስዱት በዓይኑ ፈለገኝና፣ “እማዬ ምሳ ይዛ እየጠበቀችን ነው፤ ሄደህ ንገራት” አለኝ።

ነገርኳቸው። መታሰሩን ብቻ።

አሥራ አንድ ወር ደሴ ታሰረ። ፍርድ ቤት አልቀረበም፣ ክስም አልተነበበለትም። ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ ቤቴ ደሴ ስለነበር ስንቁን የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። እማማ ዘነቡ ማታ ማታ ምግቡን በጨርቅ ቋጥረው አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ያመጡልኛል። ብዙ ጓደኞቹ ስማቸው እንዳይነሳ ብለው ሸሹት፤ ማታ ማታ የእስር ቤቱ በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ አወቁኝ። አንዱ እስላም ሆነህ ለጴንጤ እንዲህ ስትሆን አላህ ይይልህ ብሎኛል። መሥሪያ ቤት ውስጥም ስሜ በወዳጅነት ይጠራ ጀመር።

እማማ ዘነቡ አንድ ቀን መናኸሪያው ላይ እጄን ይዘው፣ “ጌታ ይባርክህ ልጄ። የሥጋ ዘመዶቹ ሲሸሹት አንተ አልሸሸኸውም። ከእንግዲህ ሁለት ልጅ ነው ያለኝ” አሉኝ።

“አብሽሩ እማማ፣ አላህ ያወጣዋል” አልኳቸው። እሱን ማውጣት የምችለው እኔ ሆኜ ሥራውን ለአላህ ሰጥቼ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ።

አልሞከርኩም አልልም። በሦስተኛው ወር የሥራ አስኪያጁ በር ድረስ ሄጃለሁ። ጸሐፊዋ ምን ፈለግህ ስትለኝ የወንበር ቁጥር ላጣራ ነው ብዬ ተመለስኩ። ከተናገርኩ የምገባው እሱ የገባበት ነው። አባቴ ሞቷል፣ እናቴና እህቶቼ የሚበሉት በእኔ ደመወዝ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ኤልያስ ግን የእናቱ ብቸኛ ልጅ መሆኑም እውነት ነበር።

ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ ተለቀቀ፤ ሥራው ግን አልተመለሰለትም። ኮምቦልቻ ትንሽ ክፍል ተከራይቶ ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ጀመረ። እኔም ከሥራ ስወጣ እሱ ጋ ጎራ ማለት አልተውኩም። በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ በየቀኑ ስለሬዲዮ አውርተን እንለያያለን።

ከዚያ ደርግ ወደቀ። ቢሮው ሲፈርስ የመጋዘኑን ዕቃ እንድለይ ታዘዝኩና ፖስታዋን አገኘኋት፤ የእኔ ሰም፣ የእኔ ማኅተም፣ ማንም አልከፈታትም። ያን ሁሉ ወር ሲመረመር ነበር የተባለውን ነገር አንድ ሰው እንኳ አውጥቶ አላየውም። ይዣት ወደ ኤልያስ ሱቅ ሄድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ያ ውሻ እኔ ነኝ።

ኤልያስ ቦርዷን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አገላበጣት። ከዚያ በጥፍሩ ጥርሶቿን ፋቅ አደረገ። እንደ ሽንኩርት ቅርፊት የሳሳ ነገር ተነሳ።

“ቫርኒሽ ነው” አለ።

“እኔ ነኝ” አልኩት። “ቁጥሩ እንዳይፋቅ ብዬ።”

ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ሊስቅ ምንም አልቀረው። ቁጥሩን በጣቱ ዳሰሰውና በእውነትም አልተፋቀም አለ። አላወቅህም ነበር፣ ቢሮው ውስጥ ማን ያውቅ ነበር አለኝ። ደረቴ ቀለል አለኝ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። “ላጲስ ስጡኝ ያልኩ ጊዜ ታውቅ ነበር?”

መዋሸት እችል ነበር። ለምን እንዳልዋሸሁ እስካሁን አላውቅም፤ ምናልባት ደክሞኝ ይሆናል። “አውቅ ነበር። ላጲሱም በኪሴ ነበር” አልኩት።

ቦርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። የፈታውን ሬዲዮ ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ መፍቻውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው።

“እማዬ እንዳትሰማ” አለኝ። “አንተን ልጄ ብላለች፤ ይህን አትችለውም። ከእንግዲህ እኔ ጋ አትምጣ።”

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ራሱን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። እማማ ዘነቡ መቀያየማችንን ሲሰሙ በጣም አዘኑ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ አላሰቡም፤ የእሳቸው ልጅ ነው ብለው ቆረጡ። እሱ በሌለበት እያስጠሩኝ ሽሮ ያበሉኛል። እኔም እሄድ ነበር። እንዴት ሄድክ ብትሉኝ፣ መቅረት ማስረዳት ይፈልጋል።

አንድ ቀን ተቀምጠን ሳለ ኤልያስ ሳይታሰብ ገባ። እኔን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ። እማማ ዘነቡ ተነሥተው፣ “እስር ቤት ስንቅ ያመላለሰልህን ሰው ሰላም አትለውም? እኔ ውለታ የሚበላ ልጅ አልወለድኩም” አሉት።

ኤልያስ እኔን አየኝ። ቆሞ ጠበቀ፤ የጠበቀው እኔ እንድናገር እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ። እኔ የውሃውን ብርጭቆ አንስቼ ጠጣሁ። ትንሽ ቆይቶ ወጣ፤ እማማ ዘነቡም አለቀሱ፤ ያጽናናኋቸውም እኔ ነኝ።

ብዙ ዓመት እንዲህ ኖርን። እማማ ዘነቡ ባለፈው ዓመት አረፉ። ሊሞቱ ሲሉም ልጃቸው ውለታ የማያውቅ መሆኑን ለጸሎት ጓደኞቻቸው ነግረው፣ እኔን ግን በስሜ ጠርተው መርቀዋል አሉኝ። ለቅሶው ላይ ሰዉ ልጃቸው ነው እያለ መንገድ ለቆልኝ ከኤልያስ አጠገብ አስቀመጠኝ። ኤልያስ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጠኝ።

ዕድሜዬን የንብረት ሠራተኛ ሆኜ ኖሬአለሁ። የሌላ ሰው ዕቃ በእጄ ሲገባ አውቃለሁ፤ የእማማ ዘነቡ ምርቃት የኤልያስ ነው። ይህንን የጻፍኩት ላስረክብ ብዬ ነበር። ግን ልጃቸው እሳቸው እንዳያዝኑ ብሎ ምን ያህል እንደቻለ መስማት የነበረባቸው እሳቸው ናቸው፤ እኔ አፌን የከፈትኩት እሳቸው ከተቀበሩ በኋላ ነው።